ቅጠሉን ወዴት ነው የምትወስዱት?

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ይጀምራል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሞተር ይነሳል፤ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ ሦስተኛው ከጓሮ በኩል ይቀበላቸዋል። መስኮት ብንዘጋ፣ መጋረጃ ብናወርድ ድምፁ ግድግዳ ሰንጥቆ ይገባል። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ገና ጎኑን ያሳረፈ አለ፣ ሕፃን ያስተኛች አለች፣ ለቅሶ የተቀመጠ ቤት አለ። ለማንም አይባልም፤ ቅጠል ይነፋል። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለን ሰዎች በዚህ ወቅት ስንገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የምናወራው ይህንኑ ነው። ሁላችንም ሰልችቶናል። እኔ ግን ከጩኸቱ በላይ የሚያንገበግበኝ የቅጠሉ መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ የሆዴን ዘርግፌ ልናገር።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ በቤንዚን የሚሠራውን የቅጠል መንፊያ (ብሎወር) ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ የጣሰ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። ጋዜጠኛው ጄምስ ፋሎውስ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ለዚያ ሕግ ዓመታት ለፍቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንጎመሪ ካውንቲም መሸጡን ከጁላይ 2024፣ መጠቀሙን ከጁላይ 2025 ጀምሮ አግዷል። ታዲያ ሕጉ በአብዛኛው የሚሠራው ጎረቤት ሲከስ ነው። በዓመት ሁለቴ ሰላም የምንባባለውን ሰው ለመንግሥት ከስሰን ከዚያ በኋላ በምን ዓይናችን እንተያያለን? ስለዚህ ዝም እንላለን፣ ሞተሩም ይቀጥላል።

ማሽኑን አዝሎ የሚውለውን ልጅ አልወቅሰውም። አብዛኛውን ጊዜ እንደኛው ከሩቅ አገር መጥቶ ኑሮውን ለማሸነፍ የሚታገል ነው፤ ጆሮው ላይ መከላከያ የሌለው ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል። የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ቦርድ አስልቶ እንዳወጣው፣ አንድ የንግድ ብሎወር ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚለቀው ጭጋግ ፈጣሪ ብክለት የ2016 ቶዮታ ካምሪ 1,100 ማይል ያህል ቢነዳ ከሚለቀው ጋር እኩል ነው። ያንን ጭስ በመጀመሪያ የሚተነፍሰው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ያን ያህል የሚደክመውም ቅጠልን ከበቀለበት አፈር ለማራቅ ነው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሕዝቡ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይጎርፋል። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው 105 ማይል የተራራ መንገድ ቅጠል ሊያይ በመጣ ሰው ይጨናነቃል፤ መግቢያው ላይ ሰልፍ ነው። ቤተሰብ ከቀይ ሜፕል ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እሑድ ማታ ይመለስና ሰኞ የገዛ ግቢውን ቅጠል ጠራርጎ የሚወስድለት ሰው ይቀጥራል። እዚያ ሄዶ ያየው ዛፍና ደጁ የቆመው ዛፍ አንድ ዘር ናቸው። እዚያ የረገፈው ውበት፣ እዚህ የረገፈው ቆሻሻ የሚባልበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

የተነፋው ቅጠል የት ይገባል? አንዱ በዘዴ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። ሌላው በቡናማ የወረቀት ከረጢት ይጠቀጥቀዋል፤ ማታ ዝናብ ይመታውና ጠዋት ሲያነሱት ሥሩ ተበጥሶ ሁሉም መንገድ ላይ ይዘረገፋል። ካውንቲው በመኪና እየመጠጠ በሚሰበስብባቸው ሰፈሮች ደግሞ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ይከመርና ተራው እስኪደርስ ይቆያል። መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። የጋለ የመኪና ሆድ ዕቃ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲያርፍ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል እየታወቀ ሰው ክምሩ ላይ ያቆማል። ልጆች እዚያው ውስጥ ይደበቃሉ፤ ይህ የምር ያስፈራኛል።

ከሁሉ የከፋው ወደ አስፋልቱ ነፍቶ መተው ነው። ቅጠሉ በዝናብ ውሃ ተዘፍዝፎ በውስጡ ያለውን ፎስፈረስ እንደ ሻይ ይለቃል፤ ውሃው በፍሳሹ ቀዳዳ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ በዚህ አካባቢ ከሆነ መጨረሻው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። እዚያ ደግሞ ፎስፈረሱ አልጌ እያበቀለ ዓሣውን ኦክስጅን ያሳጣዋል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በዊስኮንሲኗ ማዲሰን ከተማ ባደረገውና በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ከዝናብ በፊት መንገዱ ከቅጠል ሲጸዳ በመጸው ጎርፍ ውስጥ የሚገኘው ፎስፈረስ 84 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ ከመንገዱ ላይ መነሳቱን እኔም እደግፋለሁ። የምጮኸው ከአትክልቱ ቦታ ላይ ለምን ይነሳል ብዬ ነው።

በ2018 በአሜሪካ ከየግቢው የወጣው ሣር፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ 35.4 ሚሊዮን ቶን እንደነበር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መዝግቧል። ከዚያ ውስጥ 10.5 ሚሊዮን ቶኑ ከቆሻሻ ጋር ተቀብሯል። የተቀበረ ቅጠል አየር ስለማያገኝ ሲበሰብስ ሜቴን ጋዝ ያወጣል። ከአፈር የመጣ ነገር ወደ አፈር እንዳይመለስ አሥር ሚሊዮን ቶን!

የእኛ ሞንጎመሪ ካውንቲ በዚህ በኩል ከብዙዎቹ ይሻላል። የተሰበሰበው ቅጠልና ሣር ዲከርሰን ወዳለው የብስባሽ ማምረቻ ይሄድና ሊፍግሮ በሚል ስም ታሽጎ ለገበያ ይወጣል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የራሴ ዛፍ ያራገፈውን ከፍዬ አስጭኜ፣ በኤፕሪል መልሼ ከፍዬ ልሸከመው? በየቤቱ ይህ ይደገማል። የጸደይ ቅዳሜ የዕቃ መደብር በር ላይ የሚታየውን ጋሪ ሁሉ ተመልከቱ፤ በአፈርና ማልች በሚባለው የተፈጨ እንጨት ከረጢት ተጭኗል።

ማልቹን ካነሳን ደግሞ ቀለሙን ሳልናገር አላልፍም። ተፈጭቶ የሚሸጠው እንጨት ብዙ ጊዜ ተቀልሞ ነው የሚመጣው፤ ቀዩ በብረት ኦክሳይድ፣ ጥቁሩ በካርቦን ጥላሸት። ቀለሙ ራሱ ይመርዛል ማለቴ አይደለም። እንጨቱ ግን ብዙ ጊዜ ከተሰባበረ የዕቃ መጫኛና ከግንባታ ፍርስራሽ የተለቀመ ስለሆነ ምን እንደተቀባ የሚያውቅ የለም። ይህንን በዛፉ ግንድ ዙሪያ እንደ ኩይሳ ይከምሩታል። ቅርፊቱ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ወደ ላይ እየወጣ ግንዱን ይጠመጥመዋል፣ ዛፉም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ያ ዛፍ በኖቬምበር የራሱን ምንጣፍ ራሱ አንጥፎ ነበር። አንሥተው ወሰዱበትና በምትኩ የተቀባ ጣውላ ቆለሉበት።

ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ እናቶች ይህንን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን ያቅታቸዋል። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ወርደው የሚሸጡ ሴቶችን ያዩ ናቸው። ያ ቅጠል የስንቱን ቤት ምጣድ አሙቋል። እርግጥ እዚያም ቢሆን ዛፉ ሥር እየተጠረገ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀርና ክረምቱ አፈሩን ይዞት ይወርዳል፤ የእነዚያ ሴቶች ግን እንጀራቸው ነው፣ ሌላ አማራጭ ሳይኖራቸው ነው። እዚህ ያለነው ማገዶ አልቸገረን፣ ቅጠሉን ከመሬቱ የምንነጥቀው ለምንድን ነው?

ሣሩ ይሞታል ይሉኛል። እርጥብ ቅጠል ተደራርቦ ከከረመ በእርግጥ ሣሩን ያፍነዋል። መድኃኒቱ ግን ከሣር ማጨጃው የራቀ አይደለም፤ በላዩ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ቢመላለሱበት ቅጠሉ ይደቅቅና ሣሩ መሐል ገብቶ ይጠፋል። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሣር ተመራማሪዎች ይህንን ለዓመታት ፈትነው ሣሩን እንደማይጎዳው አሳይተዋል። የኦክ ቅጠል አፈሩን ያኮመጥጣል የሚለውም ወሬ በየዓመቱ ይነሳል። ትኩስ ቅጠሉ ትንሽ ኮምጣጣነት አለው፤ ሲበሰብስ ግን ይለዝባል፣ የአትክልት ቦታ ያበላሸበትም የለም።

የጓሮ አትክልት ላለን ሰዎች ይህ ነገር ሀብት ነው። እዚህ አካባቢ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው፤ ተክሎ ቅጠል ማልበስ ነው፣ ውርጩ አያነሳው፣ አረሙ አያሸንፈው። የአገር ቤቱን ጎመን ዘር አስመጥተን የዘራን ሰዎች ሥሩን በቅጠል ብናለብሰው ብርዱን የበለጠ ይችላል። የቀረውን ደግሞ በሽቦ አጥር ክብ ሠርቶ፣ ወገብ ድረስ ቆልሎ፣ ውሃ አጠጥቶ መተው ነው። ዛፉ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ናይትሮጂኑን ወደ ራሱ መልሶ ስለሚሰበስብ የወደቀው ቅጠል ካርቦኑ ይበዛል፤ ስለዚህ ባክቴሪያ ቶሎ አያጠፋውም፣ ሻጋታ ነው ቀስ ብሎ የሚበላው። አንድ ዓመት፣ ኦክ ከሆነ ሁለት ዓመት ይፈጃል። መጨረሻ ላይ ጥቁር፣ ልል፣ የጫካ ሽታ ያለው፣ ውሃ ጠጥቶ የሚያቆር አፈር ይሆናል። የቸኮለ ሰው የጀበናውን አተላ ይጨምርበት፤ የቡና አተላ ናይትሮጂን አለው፣ ክምሩን ያሞቀዋል። በየቤታችን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና እያፈላን አተላውን ማጠቢያው ውስጥ ስንደፋ ያመኛል፤ ቧንቧውም ይዘጋል።

አንድ ዛፍ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብላክ ዎልነት። ጁግሎን የሚባል ነገር ከሥሩም ከልጣጩም ይወጣል፣ ቲማቲም አጠገቡ ከተተከለ ጠውልጎ ይሞታል። የእሱን ትኩስ ቅጠል ቲማቲምና ቃሪያ ሥር ማንጠፍ አይገባም። መዥገርም እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር ቅጠል ውስጥ ትከርማለች። ስለዚህ ልጆች ከሚጫወቱበትና ከቤቱ ደጃፍ ማራቅ ነው። ዛፍ ሥር፣ አጥር ጥግ፣ አትክልት መደብ ላይ ይቀመጥ። ይህንን ያህል ጥንቃቄ ለማድረግ ከቻልን ሁሉንም ጠርጎ መጣል ምን አመጣው?

ደብዳቤው አመጣው፣ ልንገራችሁ። የሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ቦታ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ዛፌ ሥር የተውኩት ቅጠል ፎቶ ተነሥቶ፣ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ታሽጎ መጣልኝ፤ «ያልተስተካከለ ግቢ» ይላል። ለነፍሳት መጠለያ እንደሆነ አስረድቼ ብጽፍ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ሁለተኛው ደብዳቤ ቅጣት ጨመረ። በዚያው ሰፈር ደግሞ ልጆች በጁን ምሽት ጠርሙስ ይዘው የሚያሯሩጧቸው፣ ብልጭ ድርግም የሚሉት ፋየርፍላይ ጢንዚዛዎች ጠፉ ተብሎ ይታዘናል። የት ይደጉ? ዕጫቸው እስከ ሁለት ዓመት የሚኖረው እርጥብ አፈርና የወደቀ ቅጠል ውስጥ ነው። ሉና የምትባለው ትልቅ አረንጓዴ የእሳት ራት ክረምቱን የምታሳልፈው በቅጠል ተጠቅልላ መሬት ላይ ነው። የዱር ንብ ንግሥቶችም ከቅጠሉ ሥር አፈር ቆፍረው ይተኛሉ። ቅጠሉን ፈጭቶ መውሰድ እነሱንም ፈጭቶ መውሰድ ነው። ዘርሲስ ሶሳይቲ የሚባለው የነፍሳት ጥበቃ ማኅበር በየመጸው «ቅጠሉን ተዉት» እያለ የሚለምነው ለዚህ ነው። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ይህንን አንብበው ቢሆን ደስ ባለኝ።

ቅጠሉን ለጨርቅ ማቅለሚያም እጠቀምበታለሁና፣ የቀለሙ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ እሮሮ ነው። ቀይ ቅጠል ቀቅሎ ቀይ ሻሽ የሚያወጣ ቪዲዮ በየዓመቱ ይመጣል። ድስቱ ውስጥ የሜፕል ቅጠል ይገባል፣ ምስሉ ይቆረጣል፣ ደም የመሰለ ጨርቅ ይወጣል። ያንን አይተው የሚሞክሩ እህቶች በመጨረሻ ይደውላሉ፤ «የኔ ለምን አመድ መሰለ?» ይላሉ። ጨርቅ አባክነዋል፣ ቀናቸውን ጨርሰዋል። እንዲህ ሰውን አታልሎ ተስፋ ማስቆረጥ ምን ይጠቅማል?

እውነቱ ቀላል ነው። ቀኑ ሲያጥር ቅጠሉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ያፈርሳል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ሜፕልና ሱማክ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከስኳራቸው አንቶሲያኒን የሚባል ቀይ ይሠራሉ። ይህ ቀይ ውሃ ያሟሟዋል፣ ኮምጣጣ ሲነካው አንድ መልክ፣ ሳሙና ሲነካው ሌላ መልክ ይይዛል፣ ፀሐይ ደግሞ ታጠፋዋለች። ጨርቅ ላይ አይቆይም። የሚቆየው ማንም ፎቶ የማያነሳው ቡኒው ነው። ቡኒው ታኒን ነው፤ ሻይን የሚያመርረው፣ ቆዳ የሚለፋበት እሱ ነው። የኦክ ቅጠል ቶሎ እንዳይበሰብስ የሚያደርገውም፣ የእግረኛ መንገዱ ሲሚንቶ ላይ የቅጠሉን ቅርጽ አትሞ የሚቀረውም ያው ነው። ሰው ያንን ምልክት በበረኪና ሲፈትግ ይውላል። እኔ እሱኑ ጨርቄ ላይ ፈልጌ ነው የምለፋው።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ የቀለም መጻሕፍቱና ትምህርቶቹ በአብዛኛው ስለ ሱፍ መሆናቸው ነው። ሱፍ የዕፀዋት ቀለም በቀላሉ ይቀበላል። አውስትራሊያዊቷ ኢንዲያ ፍሊንት በ2008 ባወጣችው «ኢኮ ከለር» በሚለው መጽሐፍ ያስተዋወቀችው፣ ቅጠል ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ በእንፋሎት ማተም፣ ከባሕር ዛፍ የተነሣ ነው፤ አንዳንዱ የባሕር ዛፍ ዘር ሱፍ ላይ ያለ ምንም ማጣበቂያ ብርቱካንማ ያወጣል። እኛ ግን ቤታችን ያለው ጥጥ ነው፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ያረጀ የሀገር ቀሚስ። ጥጥ ዝም ብሎ ቀለም አይዝም። መጀመሪያ በሳሙናና በሶዳ ተቀቅሎ ቅባቱ መውጣት አለበት፣ ቀጥሎ ታኒን መጠጣት አለበት፣ ከዚያ ነው አሉም የሚባለው ነጭ ጨው የሚይዝለት። ታኒኑን ደግሞ በዱቄት መልክ ከሱቅ ግዙ ይሉናል። ደጃችን ተከምሮ ካውንቲው እስኪወስደው የሚጠብቀው ምን ሆነና?

በአንድ ትልቅ ድስት፣ ዳግም ምግብ በማይሠራበት፣ የጨርቁን ክብደት እጥፍ የሚሆን የኦክ ቅጠል ከትቶ ሳይንተከተክ አንድ ሰዓት ማሞቅና ማጥለል ነው። ጨርቁ እዚያ ውስጥ ያድራል። አሉም ለሚፈልግ ለ100 ግራም ጨርቅ 15 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለስላሳ የገለባ መልክ ይወጣል። ግራጫ ለሚፈልግ የብረት ጨው ነው፤ ለ100 ግራም 2 ግራም። የዛገ ምስማር አቼቶ ውስጥ አስቀምጦ ማቆየትም ይሠራል። ብረቱ ታኒኑን ሲያገኘው ጨርቁ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ያለው የ1776ቱ የነጻነት መግለጫ ብራናው ላይ የተጻፈው በዚሁ ውህደት ነው፤ የኦክ እባጭ ታኒንና የብረት ጨው። ይህ አካባቢ ቀለሙን ከኦክ ሲያወጣ የኖረ ነው። ብላክ ኦክ ቅርፊቱ ቢጫ ያወጣ ነበር፤ ኤድዋርድ ባንክሮፍት አውሮፓ አስገብቶት በ1785 የእንግሊዝ ፓርላማ የብቻ መብት ሰጥቶታል። በ1856 ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ሐምራዊ ቀለም ሲያወጣ ያ ሁሉ እውቀት ቀስ በቀስ ተረሳ፤ ዛፉ ግን ደጃችን እንደቆመ ነው።

ይህንን ግራጫ ነጠላዬ ላይ አውጥቼ ገመድ ላይ ስሰቅለው ጎረቤቴ ያሉ እናት አዩት።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ ደንግጠው።

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም እማማ፤ የቅጠል ቀለም ነው።»

«ታዲያ ከል አስመሰልሽው እኮ! ነጩን ነጠላ?»

ደስ አላላቸውም፤ ነጠላ ነጭ ሆኖ ሲታይ ነው የሚያምርባቸው፣ እኔም ይገባኛል። ቆይተው ግን ቅጠሉን አንሥተው አሸቱት። እንሶስላ እንዴት እንደሚሞቁ፣ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ታስሮ ሲያድር ቀዩ እንዴት እንደሚወጣ ነገሩኝ። አክርማና ስንደዶ ቀልመው አለላ እያደረጉ ስፌት መስፋታቸውን፣ በኋላ ግን ሁሉም የገበያ ዱቄት ቀለም መሆኑን እያነሱ ተከዙ። የእሳቸው ቁጭትና የእኔ ተገናኙ። ያን ቀን ይዘው ከሄዱት የኦክ ቅጠል ግማሹ ጎመናቸው ሥር ተነጥፏል።

ስለ ጥንቃቄው ዝም የሚሉትም አበሳጭተውኛል። «ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚባል ነገር አለ። የብረት ጨው ሕፃን ከዋጠው አደገኛ ነው፤ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከበዛ ደግሞ ጨርቁን እያደር ይበላዋል፣ ነጠላው በእጥፋቱ ይቀደዳል። የብላክ ዎልነት አረንጓዴ ልጣጭ ያለ አሉምና ያለ ብረት ደማቅ ቡኒ ያወጣል፣ ከሁሉም የጸና እሱ ነው፤ ነገር ግን እጅን ያጠቁርና በሳሙና አይለቅም፣ ስለዚህ ጓንት ያስፈልጋል። እርድ ቢጫው ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይነጣል። ይህንን አስቀድሞ መናገር ለሰው ማሰብ ነው፤ ቪዲዮውም አንድ ደቂቃ ቢረዝም ምንም አይለው።

ከቀለሙ በኋላ የተቀቀለው ቅጠል ብረት ካልነካው ወደ ክምሩ ይመለሳል፤ አፈር ለመሆን የቀለለ ነው፣ ግማሹን መንገድ ድስቱ ውስጥ ሄዷልና። አንድ ቅጠል ለጨርቅም ለጎመንም ይሆናል። ይህንን የሚያህል ነገር በነፃ ከላይ እየወረደልን፣ በሞተር አባርረነው፣ በከረጢት አሽገነው፣ ለጭነቱ ከፍለን፣ በጸደይ የተቀባ እንጨት መግዛታችን ያቃጥለኛል። ጎረቤቶቼ ሁሉ ክፉዎች አይደሉም፤ ሲደረግ ያዩትን ያደርጋሉ። ግን አንድ መንገድ ላይ አንድ ሰው ቢተው ቀጥሎ ያለውም ይተዋል ብዬ ስጠብቅ ብዙ መጸው አለፈ።

ስለዚህ በግልጽ ልለምናችሁ። ቅጠላችሁን መጣል ግድ ከሆነባችሁ መንገድ ላይ አትልቀቁት፣ የእኔ አጥር ሥር አስቀምጡልኝ። የኦክና የሜፕሉ ቢቀላቀል ግድ የለም፣ የብላክ ዎልነቱን ብቻ ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት። የታሸገበትን የወረቀት ከረጢትም አልመልስም፤ እሱም ከነቅጠሉ ይበሰብሳል። ላስቲክ፣ የጁስ ጠርሙስና የውሻ ኩስ ግን እባካችሁ አትክተቱበት፤ በእጄ ነው የምለቅመው።